አሥራ ሁለት ቀን እና አርባ አምስት ቀን

በባሕር ዳር ከተማ፣ ሹም አቦ ሰፈር በሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ እስከ 2016 ዓ.ም. ሰኔ መባቻ ድረስ ትልቁ ድስት ከነክዳኑ ነበር። ዛሬ ድስቱ በማድ ቤት፣ ክዳኑ ደግሞ በቤቱ ልጅ የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተለያይተው ይኖራሉ። ክዳኑ ከአራት ተከፍሎ ሁለቱ ሩብ ነጭ፣ ሁለቱ ሩብ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ መካከሉ ተበስቶም በየአምስት ሴንቲሜትሩ ምልክት ያለበት የናይለን ገመድ ገብቶበታል። ይህ ጽሑፍ ክዳኑ ከድስቱ እንዴት እንደ ተለየ ይተርካል። የነገሩ መነሻ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎችና ለመምህራን ከሚሰጡት አጫጭር የተጠናከሩ ኮርሶች አንዱ ነው።

የቤቱ ልጅ በውሃ ሀብት ጥናት የሁለተኛ ዲግሪዋን የምትከታተል ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏ የጣና ሐይቅን ደቡባዊ ዳርቻ ድፍርስነት ይመለከታል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ደረሳት። ሐይቆችን በሳተላይት ምስል ስለ መከታተል በሚሰጥ ኮርስ እንድትሳተፍ ተመርጣለች። ኮርሱ ሁለት ክፍል ነበረው፤ የመጀመሪያው በሰኔ ወር በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ሁለተኛው ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 12 በአካል የሚካሄድ። የጉዞውንና የማደሪያውን ወጪ ጋባዡ ይሸፍናል።

እናቷ ደብዳቤው ሲነበብላቸው አስቀድመው የጠየቁት የቀኑን ብዛት ነበር። «አሥራ ሁለት ቀን?» አሉ። «በአሥራ ሁለት ቀን ምን ይማሩበታል ልጄ? ለመንገዱስ ይበቃል?»

የኮርሶቹ አመጣጥ

የእናቲቱ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ኮርሶቹ በተፀነሱበት በአውሮፓም መልኩን ቀይሮ ሲጠየቅ የኖረ ነው። ኢራስመስ የተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የልውውጥ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር በ11 አገሮች መካከል 3,244 ተማሪዎችን አንቀሳቅሶ ነበር። የሐሳቡ እናት ተብለው የሚጠሩት ጣሊያናዊቷ ሶፊያ ኮራዲ ናቸው። ኮራዲ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ሮም ሲመለሱ የገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው ያንን ትምህርት አልቆጥርም አላቸው። በሌላ አገር የተማሩት በአገር ቤት እንዲቆጠር ያነሡት ሙግት ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ፍሬ አፈራ።

ይሁን እንጂ ልውውጡ አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት ከቤት መውጣትን ይጠይቃል። ሥራ ያለው፣ ልጅ የሚያሳድግ ወይም ወላጅ የሚጦር ተማሪ ይህን አይችለውም። መምህርም ክፍሉን ለዚያን ያህል ጊዜ ጥሎ አይሄድም። አጭሩ የተጠናከረ ኮርስ የተፈለገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 በነበረው የኢራስመስ ዘመን ኮርሱ ከ10 ቀን የማያንስ፣ ከ6 ሳምንት የማይበልጥ ሆኖ ቢያንስ የሦስት አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚያዘጋጁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረው ዘመን ደግሞ ቅይጥ የሆነውን አመጣ። በአካል የሚሰጠው ክፍል ከ5 እስከ 30 ቀን ይሆናል፤ በኢንተርኔት የሚሰጠው ክፍል ግዴታ ነው፤ ተሳታፊው የሚያገኘውም ቢያንስ 3 የአውሮፓ ክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ስለሚቆጠር፣ ሦስት ክሬዲት ከ75 ሰዓት አያንስም። የኢንተርኔቱ ክፍል ባይኖር ኖሮ ይህን በአሥራ ሁለት ቀን ለመጨረስ እሑድን ሳይጨምር ሳይሆን እሑድንም ጨምሮ በየቀኑ ከስድስት ሰዓት በላይ መሥራት ግድ ይሆን ነበር።

የሰዓቱ ሒሳብ ግን ለእናቲቱ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ተማሪዋ ጥያቄውን ወደ አማካሪዋ ወሰደችው። አማካሪዋ ከአሥር ዓመት በፊት፣ ገና ረዳት ሌክቸረር ሳሉ፣ ከእንዲህ ያለ ኮርስ ተካፍለው ነበር።

«ስለ ትምህርቱ ከጠየቅሽኝ ግማሹን ረስቼዋለሁ» አሏት። «ማስታወሻዬ አለ፤ በማስታወሻው ያለው ግን በመጽሐፍም ይገኛል። ያልረሳሁት የሦስተኛውን ቀን ነው።»

በሦስተኛው ቀን አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር የወንዝ ፍሰት ስሌት በሰሌዳው ላይ እያስረዱ ሳለ፣ ከተማሪዎች መካከል የተቀመጠ የሌላ አገር መምህር እጁን አነሣ። ስሌቱ የተመሠረተበት ግምት በእርሱ አገር ወንዞች እንደማይሠራ ተናገረ። ፕሮፌሰሩ ወደ ሰሌዳው ዞረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «አላውቅም፤ ነገ እመልሳለሁ» አሉ። በማግስቱ የታረመውን ስሌት ይዘው ገቡ።

«መምህር በተማሪ ፊት አላውቅም ሲል ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር» አሉ አማካሪዋ። «ከተመለስኩ በኋላ እኔም ክፍል ውስጥ ማለት ጀመርኩ። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ላይ ደንግጠው ነበር።»

በመደበኛው ሴሚስተር አንድ መምህር አንድ ክፍል ይይዛል፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ትምህርቱን የሚሰማው ተማሪ ብቻ ነው። በተጠናከረው ኮርስ ግን ከየአገሩ የመጡ መምህራን አንዱ በሌላው ክፍል ተቀምጠው ይውላሉ፤ ማታም በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ተማሪው ዕውቀት ሲነገር ብቻ ሳይሆን ሲፈተንም ያያል። የአማካሪዋ ምስክርነት እንግዲህ የኮርሱን ዋጋ ከቀኑ ቁጥር አውጥቶ በክፍሉ ውስጥ በተሰበሰቡት ሰዎች ላይ ያኖረዋል።

የቆሎ ተማሪ እና ቆንስላ

ትምህርት ፍለጋ ከቤት መውጣት ለጣና ዙሪያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ሊቆጥር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ወደ ዙር አምባ ሲጓዝ ኖሯል፤ ዛሬም የሚጓዝ አለ። የአንዱን ቤት የቅኔ መንገድ ያወቀ ተማሪ የሌላውን ሊቀስም ይነሣል፤ በአንድ መምህር ብቻ የጸና ዕውቀት ለመምህርነት እንደማይበቃ ያውቃልና። ፕሮግራሙ በስሙ የተጠራለት የሮተርዳሙ ኢራስመስም ከዚህ የራቀ ሰው አልነበረም። በፓሪስ ተምሯል፣ እ.ኤ.አ. በ1506 በቱሪን የዶክተርነት ማዕርግ አግኝቷል፣ በካምብሪጅ አስተምሯል፣ እ.ኤ.አ. በ1536 ያረፈው በባዝል ነው።

በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ሁለት ልዩነት አለ። አንደኛው ጊዜው ነው፤ የቆሎ ተማሪ የሚወጣው ለዓመታት ነው። ሁለተኛው የመግቢያ ፈቃዱ ነው። የቆሎ ተማሪን በየደጁ የሚያስቸግረው ውሻ እንጂ ቆንስላ አልነበረም።

ተማሪዋ ደብዳቤው በደረሳት ማግስት ሰነድ ማሰባሰብ ጀመረች፦ የዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የጉዞ ዋስትና፣ የተያዘ የአውሮፕላን ትኬት። ለትምህርት አጭር ጉዞ የሚያደርጉ ተማሪዎችና አብረዋቸው የሚሄዱ መምህራን በአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ ከማመልከቻ ክፍያ ነጻ ናቸው፤ ይህ እፎይታ ሰጣት። ነገር ግን ማመልከቻው የሚገባው አዲስ አበባ ነው። በዚያ ዓመት በየብስ መጓዝ የማይደፈር ስለ ነበር በአውሮፕላን ሄደች። ያገኘችው ቀጠሮ ግንቦት 20 ነበር።

ከዚህ ቀጠሮ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኢትዮጵያን የሚመለከት ውሳኔ አሳልፏል። በኅብረቱ አገሮች ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመቀበል ረገድ የኢትዮጵያ ትብብር በቂ አይደለም በሚል፣ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ቪዛ መደበኛ የማስተናገጃ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ተደረገ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ውሳኔው ተማሪን አስቦ የወጣ አይደለም። ሆኖም እንዲህ ያለ ደንብ አብዝቶ የሚጎዳው ማንን እንደ ሆነ ለማወቅ ቀላል ሒሳብ ይበቃል። ለአራት ዓመት የዶክትሬት ትምህርት የሚሄድ ሰው ሠላሳ ቀን ቢዘገይ የሚያጣው ከጊዜው ጥቂቱን ነው፤ ለአሥራ ሁለት ቀን የሚሄድ ሰው በዚያው መዘግየት ሁሉንም ያጣል። ትምህርቱ ባጠረ መጠን በሩ ይከብዳል።

ከግንቦት 20 ላይ አርባ አምስት ቀን ሲቆጠር ሐምሌ 5 ይሆናል። ኮርሱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ተማሪዋ ይህን ሒሳብ የሠራችው በዚያው ቀን፣ ወረፋ ላይ ቆማ ነው። አርባ አምስት ቀን የመጨረሻው ገደብ መሆኑን፣ ውሳኔው ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችል ተነግሯት ወደ ባሕር ዳር ተመለሰች።

ክዳኑ

የኢንተርኔቱ ክፍል በሰኔ ተጀመረ። ትምህርቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ስለሚጀምርና የተሻለ መስመር የሚገኘው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ስለ ሆነ፣ ተማሪዋ ላፕቶፗን ይዛ በቤተ መጻሕፍቱ ትቀመጥ ነበር፤ ሳይመሽ ቤት መግባት ግድ በሆነበት በዚያ ወቅት የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ ቆማ ነው የሰማቻቸው።

ለተሳታፊዎቹ የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ለቤታቸው ቅርብ የሆነውን ሐይቅ መለካት ነበር። መሣሪያው የሴኪ ዲስክ ይባላል። ጣሊያናዊው ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ነጭ ዝርግ ሳህን በገመድ ወደ ውሃው አውርዶ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ለካ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የሐይቅ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ንባቡ ግን ከሳተላይት ምስል ጋር ሊነጻጸር ይችላል። የትምህርት ክፍሉ ዲስክ በዚያን ሰሞን ከሌላ ተመራማሪ ጋር ጎርጎራ ነበር። ኮርሱም ዲስኩ በቤት እንዲሠራ ይፈቅዳል።

«እማዬ፣ የትልቁን ድስት ክዳን ልዋስ?»

«ለምንሽ?»

«ሐይቁን ልለካበት።»

«ሐይቁ ወጥ ነው እንዴ በክዳን የሚለካው?» አሉ እናቷ፤ ክዳኑን ግን ሰጧት። «ታዲያ እንዳለ መልሺው።»

የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 የተባሉት ሁለት ሳተላይቶች ተባብረው አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ፣ እስከ 10 ሜትር በሚደርስ ጥራት ያነሡታል፤ ምስሉም ለማንም በነጻ ይሰጣል። ተማሪዋ በሰኔ ወር ሳተላይቱ በባሕር ዳር ሰማይ በሚያልፍባቸው ስድስት ረፋዶች፣ በሰፈር የምታውቃቸው አንድ ቀዛፊ በደንገል ታንኳቸው እየወሰዷት ክዳኑን ወደ ሐይቁ አወረደች። ከስድስቱ አምስቱን ደመና ጋረዳቸው። ደመና ያልነበረበት ረፋድ ንባብ 52 ሴንቲሜትር ነበር።

ክዳኑ ሲወጣ ቀላ ያለ ስስ ጭቃ ለብሶ ነበር። ቀዛፊው በአውራ ጣታቸው ጠርገው ተመለከቱት።

«ይህ የሐይቁ አይደለም» አሉ። «የሰከላ አፈር ነው። ግልገል ዓባይ ሲሞላ እንዲህ ሆኖ ይመጣል።»

«በምን ያውቃሉ ጋሼ?»

«በየዓመቱ ይመጣልና።»

ተማሪዋ ይህን በማስታወሻ ደብተሯ ከንባቡ አጠገብ ጻፈችው።

ሐምሌ 5

አዲስ አበባ ያለው የአክስቷ ልጅ ፓስፖርቷን ተቀብሎ የደወለላት ሐምሌ 5 ቀን፣ በአርባ አምስተኛው ቀን ነበር። ቪዛው ተሰጥቷል። ዕለቱ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ሲሆን የሰኔ ጾም የሚፈታበት ነው፤ በዓሉ ዓርብ ላይ ስለ ዋለ ግን ፍስኩ ወደ ቅዳሜ ተሻገረ። እናቷ «እንኳን ደስ አለሽ» ሲሉ እሷ በስልኳ የቀን መቁጠሪያውን ትመለከት ነበር። ዓርብ ተነሥታ ሁሉ ነገር ቢቀናት እንኳ ክፍል የምትገባው ሰኞ፣ ሐምሌ 8 ነው። በሐይቅ ላይ የሚሠራው የመስክ ሳምንት አልቋል። የተያዘላት ትኬት ሐምሌ 1 ስታልፍ ተሰርዟል፤ አዲሱ ዋጋው ከፍ ብሏል። አዘጋጆቹ በደግነት ጻፉላት፦ ብትመጣ ደስ ይላቸዋል፤ ባትመጣ ደግሞ ሁለተኛውን ሳምንት በስክሪን እንድትከታተል ያመቻቻሉ።

ሌሊቱን አሰበችበትና ላለመሄድ ወሰነች። በማግስቱ ዶሮ ወጡ ቀረበ። ስለ ጉዞው ማንም አላነሣም።

የሁለተኛው ሳምንት ሥራ እያንዳንዱ ተሳታፊ የለካውን ከሳተላይቱ ምስል ጋር ማነጻጸር ነበር። በክፍሉ የተሰጠው ስሌት ከሐይቁ የሚንጸባረቀውን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን በማወዳደር በውሃው ያለውን የአልጌ መጠን ይገምታል። ስሌቱ በጠሩ ሐይቆች ላይ ተፈትኖ የተመሰገነ ነው። በጣና ምስል ላይ ሲሠራ ግን ደቡባዊው ዳርቻ በአልጌ የተወረረ መስሎ በደማቅ ቀይ ታየ። በእምቦጭ አረም የታወቀ ሐይቅ በመሆኑ ውጤቱ ለክፍሉ ያልተጠበቀ አልነበረም። አስተማሪው ምስሉን የንጥረ ነገር ብክለት ማሳያ አድርገው አቀረቡት።

ተማሪዋ ማይክሮፎኗን ከፈተች። ይህ አልጌ ሳይሆን አፈር መሆኑን ተናገረች። የዝናቡ መጀመሪያ ስለ ሆነ ግልገል ዓባይ ደለል ማምጣት እንደ ጀመረ፣ በዲስኩ ላይ የቀረው ጭቃ ቀላ ያለ እንደ ነበር፣ ደለል የሚመልሰውን ብርሃን ስሌቱ በአልጌ ስም እንደ ቆጠረው አስረዳች። ለድፍርስ ውሃ ሰማያዊውን ትቶ ቀዩንና ከቀዩ ጫፍ ያለውን፣ 705 ናኖሜትር አካባቢ የሚለካውን ብርሃን መጠቀም እንደሚሻል ልታክል ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

ለአርባ ደቂቃ ልታገናኘው ሞከረች፤ አልሆነም። በሩቅ አገር ባለ ክፍል ውስጥ የተናገረችው ተሰምቶ ይሁን አይሁን፣ ተሰምቶም ምን ተብሎ ይሆን እያለች ወደ ሹም አቦ ተመለሰች። በዚያን ቀን የሆነውን ያወቀችው በማግስቱ ጠዋት በደረሳት አጭር ኢሜይል ነው። አስተማሪው ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ተከራክረው ተማሪዋ ትክክል ናት ብለዋል፤ የከሰዓቱ ትምህርት ተለውጦ ሁሉም ቡድን የጣናን ምስል በቀዩ ጫፍ ብርሃን እንደ ገና ሠርቶታል። አዲሱ ካርታ ተያይዞ ተልኳል። ቀይ ሆኖ የታየው ዳርቻ በካርታው ላይ አብዛኛው ጠፍቷል።

አማካሪዋ ካርታውን ሲያዩ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «የእኔ ሦስተኛ ቀን አንቺ ክፍል ደረሰ ማለት ነው» አሏት። ጥቂት ቆይተው «ግን አላየሽውም» አሉ።

ይህ የመጨረሻው ቃል ሊታለፍ አይገባውም። በስክሪን መከታተል ብዙ ነገር አድኖላታል፤ ያላዳነው ግን ዋናው ነው። ክርክሩን አላየችም፤ ከክርክሩ በኋላ በነበረው እራት ላይ አልነበረችም፤ ከሌሎቹ ተሳታፊዎች ጋር ለዓመታት የሚዘልቅ ትውውቅ አልመሠረተችም። በአካል ስላልተገኘች ሦስቱ ክሬዲት አልተሰጧትም፤ የተሰጣት የተሳትፎ ደብዳቤ ነው። ሶፊያ ኮራዲ በሮም የገጠማቸው ነገር ተገልብጦ ደርሶባታል፦ የእሳቸው ትምህርት በውጭ ተቆጥሮ በአገር ቤት አልተቆጠረም፤ የእሷ በአገር ቤት ተመስግኖ በውጭ አልተቆጠረም።

ኮርሱ ሲመጣ

የአጭር ኮርስ ሌላ መንገድም አለ፤ ባሕር ዳር ታውቀዋለች። ከተማዋ ከመጀመሪያውም የከፍተኛ ትምህርት ከተማ የሆነችው ከውጭ በመጡ መምህራን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም በሶቪየት ኅብረት ትብብር የቆመ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው የተፋሰስ አያያዝ የማስተርስ ፕሮግራም ነው። ኢትዮጵያውያኑ ተማሪዎች ወደ ኢታካ አልሄዱም፤ የኮርኔል መምህራን እየተፈራረቁ ባሕር ዳር መጥተው እያንዳንዱን ኮርስ በጥቂት ሳምንታት አጠናክረው ሰጡ። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጥናታቸውን የሠሩት በአካባቢው ተፋሰሶች ነው።

የዚያ አሠራር ፍሬ በክሬዲት ብቻ የሚለካ አልሆነም። ፕሮፌሰር ታሞ ስቴንሃውስና ኢትዮጵያውያን ተማሪዎቻቸው ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በደብረ ማዊ እና በሌሎች የደጋ ተፋሰሶች ያደረጉት ጥናት በሰፊው የተያዘውን ግምት ፈትኗል። ጎርፍ የሚነሣው የዝናቡ ኃይል አፈሩ ከሚመጠው ስለሚበልጥ ነው የሚለው ግምት በብዙ ተዳፋት ላይ አልሠራም። ጎርፉ በብዛት የሚነሣው ክረምቱ ሲገፋ ውሃ ጠጥተው ከሞሉት የተዳፋቱ ግርጌ ቦታዎችና ከተራቆተው መሬት ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ለገበሬው ትልቅ ነው፤ እርከኑ የት ይሠራ የሚለውን ይለውጣልና። ይህ ዕውቀት የተገኘው እንግዳው መምህር ስሌቱን ይዞ ስለ መጣ፣ የአገሩ ተማሪ ደግሞ ጭቃውን ስለሚያውቅ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በስክሪን የታየውም ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ ስሌቱን ያረመው በሰከላ አፈር የተለወሰ የድስት ክዳን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ኮርስ ለአፍሪካዊ ተማሪ የሚደረግ ችሮታ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። የጣና ተማሪ በሌለችበት ክፍል ጣና በአልጌ የተወረረ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ሃያ የሚሆኑ ወጣት ተመራማሪዎችም ያንን ይዘው ወደየአገራቸው ይመለሱ ነበር። በሩ ሲዘጋ የሚጎዳው በውጭ የቀረው ብቻ አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. የበጋ ወራት ተማሪዋና አማካሪዋ ከሦስት ትምህርት ክፍሎች ለተውጣጡ ተማሪዎች በሐይቁ ዳር የአምስት ቀን ኮርስ አዘጋጁ። ከውጭ የመጣ ሰው አልነበረበትም፤ ከአውሮፓው ኮርስ አስተማሪዎች አንዱ ለአንድ ሰዓት በስክሪን ገብተው ትተውት የነበረውን ስሌት ስሕተት ራሳቸው አስረዱ። ከመምህራኑ መካከል የመሬት አጠቃቀም የሚያስተምሩት በዓሣ ሀብት መምህሩ ክፍል ተቀምጠው ዋሉ፤ ሁለት ጊዜም ተከራከሩ። ቀዛፊው ጋሼ በሁለተኛው ቀን ተጋብዘው ሐይቁ በየወሩ የሚይዘውን ቀለም ተናገሩ፤ ተማሪዎቹ ጻፉ።

በዚያው ዓመት የአውሮፓው ኮርስ ለሁለተኛ ጊዜ ተማሪዋን ጋበዘ። ትምህርቱ ሰኔ 30 ይጀምራል። ተማሪዋ ከማመልከቷ በፊት ወደ ኋላ ቆጠረች። ከሰኔ 30 አርባ አምስት ቀን ሲቀነስ ግንቦት 15 ይሆናል፤ ለቀጠሮ ሁለት ሳምንት ሲቀነስ ግንቦት 1፤ ለሰነድ አሥር ቀን ሲቀነስ ሚያዝያ 21። የምርጫው ውጤት የሚገለጸው ግን በሚያዝያ መጨረሻ ነበር። ሒሳቡን በሠንጠረዥ አድርጋ ከአጭር ማብራሪያ ጋር ለአዘጋጆቹ ላከች። ከአንድ ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ ቪዛ ለሚያስፈልጋቸው አመልካቾች ሁሉ ውጤቱ በመጋቢት እንዲገለጽ ተወስኗል፤ ሠንጠረዡንም ለሌሎች አገሮች ተማሪዎች ለመላክ ፈቃዷን ይጠይቃሉ።

ፈቀደች። ለእናቷም ነገረቻቸው።

«ስንት ቀን ነው አሁንስ?» አሉ።

«አሥራ ሁለት።»

«ይሁን» አሉ እናቷ። «ክዳኔንስ መቼ ነው የምትመልሺው?»

ክዳኑ አሁንም በመደርደሪያው ላይ ነው። ድስቱ በትሪ ይከደናል።